የአፍንጫ ጠፍሩን ፈታሁት፦ ሁለት ልጓም ሞክሬ ያየሁት

ስምንት ወር ሙሉ ሁለት ልጓም እያቀያየርኩ ጋልቤያለሁ። አንዱ ለንደን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ ይዛልኝ የመጣችው የእንግሊዝ ሥራ ነው። ሌላው መርካቶ ያሠራሁት ነው። እንጦጦ ስወጣም፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንገናኝም፣ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ «የፈረስሽ አፍንጫ ላይ የነበረው ጠፍር የት ገባ?» መንገድ ላይ ቆሞ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው። የትኛው ልጓም ለዋጋው እንደሚመጥን፣ የአፍንጫ ጠፍሩስ የግድ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን።

መጀመሪያ በስም እንግባባ። ልጓም ስል ሙሉውን ከነጠፍሩ ማለቴ ነው። አፍ ውስጥ የሚገባውን «ብረቱ» እለዋለሁ። ዛብ ያው እጃችን ላይ የሚቀረው ነው። የአፍንጫ ጠፍር የምለው ከዓይን በታች አፍንጫውን ዞሮ መንጋጋው ሥር በዘለበት የሚታሰረውን ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ ጠፍር ብረቱን አልያዘም። ብረቱን የያዙት በሁለቱም በኩል የሚወርዱት የጉንጭ ጠፍሮች ናቸው። የአፍንጫው የራሱ ማንጠልጠያ አለው፤ ከጆሮ ኋላ አልፎ ለብቻው ይወርዳል። ብታወጡት ልጓሙ አይፈርስም፣ ዛቡም አይላላም። ብዙ ሰው ግን ይሄ ከተፈታ ሁሉም ነገር የሚወድቅ ይመስለዋል።

ፈረሴ ባዝራ ናት። መልኳም ስሟም ዳማ ነው። ሰላሌ በኩል ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ። ሱሉልታ ጋጥ ተከራይቼላት የሚጠብቋት አንድ አዛውንት አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈረስ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ከእሳቸው የተማርኩት ነው።

ከእንግሊዙ ልጓም ልጀምር። 85 ፓውንድ ነው የተገዛው። ቆዳው የሚገርም ነው፤ ወፍራም ግን ለስላሳ፣ ሁለት ጊዜ ቅባት ከጠጣ በኋላ እጅ ላይ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍ። ስፌቱ እኩል ነው፣ አንድም ቦታ ክሩ አልተነሳም። ዘለበቶቹ የማይዝጉ ናቸው፤ የሱሉልታን ክረምት ሙሉ ዝናብ ጠጥተው ዛሬም ያበራሉ። ከጆሮ ኋላ የሚያርፈው ክፍል ውስጡ ስፖንጅ አለው፤ ጆሮዋ ሥር እንዳይፋቅም ጎድጎድ ተደርጎ ተቆርጧል። ይሄን ያሰበ ሰው ፈረስ ይወዳል ማለት ነው። እዚህ ድረስ ምንም አቃቂር የለኝም።

ችግሩ ልኩ ላይ ነው። እነሱ ከትንሹ ወደ ትልቁ ፖኒ፣ ኮብ፣ ፉል እያሉ ነው የሚሸጡት፤ የአክስቴ ልጅ መሐለኛውን ኮብ ገዛች። የጉንጩ ጠፍር መጨረሻ ቀዳዳ ላይ ልክ ሆነ። የአፍንጫው ግን ለዳማ ሰፊ ነው። የእኛ ፈረስ አፍንጫው ቀጠን ያለ ነው፣ እናንተም ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ፖኒውን እዘዙ። በዚያ ላይ ከዋናው የአፍንጫ ጠፍር ጋር ፍላሽ የሚሉት አንድ ቀጭን ጠፍር አብሮ መጥቷል። ከላይኛው ጠፍር መሐል ተንጠልጥሎ ከብረቱ በታች፣ በአገጩ ዞሮ ይታሰራል። ሥራው አንድ ነው፤ ፈረሱ አፉን እንዳይከፍት መያዝ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ። ዳማ በግራ በኩል ሶምሶማ ስትሄድ ራሷን ትወዘውዛለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ዛቡን ከእጄ ትነጥቃለች። አንድ የግልቢያ ማሠልጠኛ ሄጄ ጠየቅሁ። «አፏ ስለተከፈተ ነው፤ ፍላሹን አጥብቂው» አሉኝ። አሠልጣኙ ራሱ ሁለት ቀዳዳ ጨመረበት። በእርግጥም አፏ ተዘጋ። ራሷን መወዝወዙም ቀነሰ። ፎቶ ተነስተን ስናየው እንዴት እንደምታምር! አንገቷ ተቀልሶ፣ አፏ ተገጥሞ፣ ልክ ውጭ አገር እንደሚታየው። ሦስት ሳምንት እንደዚያ ጋለብናት። ደስተኛ ነበርኩ።

ነገሩን ያዩት ጋሼ ናቸው። አንድ ጠዋት ስደርስ ገብሱ ያለበትን ገንዳ እያሳዩኝ «ልጄ፣ ይቺ ፈረስ እህሉን ከአፏ እያፈሰሰች ነው» አሉኝ። እውነትም ሥሩ የታኘከ ግን ያልተዋጠ ሣር በድብልብል በድብልብሉ ወድቋል። ከዚያ ልጓሙን ከግድግዳው አወረዱና ፍላሹ ላይ አዲስ የተጨራመተውን ቀዳዳ በጣታቸው ነኩት። «አፏን አሰርሽው፤ ታዲያ ያመማትን በምን ትንገርሽ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እኔ ግን ዛሬም ይሰማኛል።

ቢሾፍቱ የተማረ ወጣት የእንስሳት ሐኪም መጣ። አፏን ከፍቶ በባትሪ አየ። የፈረስ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከድዱ እየወጣ ሲፋጭ የሚኖር ነው፤ ሲፋጭም የላይኛው መንጋጋ ጥርስ የውጭ ጠርዙ፣ የታችኛው ደግሞ የውስጥ ጠርዙ እንደ ቢላ ይሾላል። የዳማ የላይኞቹ ሾለው ጉንጯን ከውስጥ ቆርጠውታል። በሁለቱም በኩል ቁስል አለ፣ በግራ በኩል የባሰ። አሁን አስቡት። የአፍንጫ ጠፍሩ የሚያርፈው በትክክል እዚያ ጥርስ ላይ ነው። ባጠበቅሁት ቁጥር የራሷን ጉንጭ በራሷ ጥርስ ላይ እየጫንኩት ነበር። ሐኪሙ ጠርዙን በረጅም ሞረድ ሞረደው፣ ሁለት ሳምንት ብረት አፏ እንዳይገባ አዘዘ። ሌላ ምንም መድኃኒት አልሰጣትም።

ስለዚህ ሲሻላት የመጀመሪያ ሥራዬ የአፍንጫ ጠፍሩን ከነፍላሹ ፈትቼ ማውጣት ሆነ። የመጀመሪያ ቀን ፊቷ ባዶ መሰለኝ፤ ዓይን የለመደው ነገር ሲጎድል እንደሚሆነው። ከዚያ ግን ወጣን። በግራ ሶምሶማ፣ ራሷን አልወዘወዘችም። አፏን ሦስት ጊዜ ከፈተች፤ ሁለቱን ጊዜ እጄ ከብዶ ዛቡን ስጎትት ነው፣ አንዱን ጊዜ ቁልቁለት ላይ ደንግጬ ስይዛት። እጄን ስለቅ ዘጋችው። በቃ ይሄው ነው። አፍ መክፈት ለካ ንግግር ነው፤ ከዚያ ወዲህ አፏን በከፈተች ቁጥር መጀመሪያ የማየው የራሴን እጅ ነው፤ እጄ ልክ ከሆነ ብረቱን አያለሁ፣ ብረቱም ልክ ከሆነ ጥርሷን።

ይሄ የእኔና የአንዲት ፈረስ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ ትንሽ አንብቤያለሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አየርላንድ፣ እንግሊዝና ቤልጂየም ውስጥ ውድድር ላይ የነበሩ 750 ፈረሶች የአፍንጫ ጠፍር ተለክቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው ደንብ ጠፍሩና የአፍንጫው አጥንት መሐል ሁለት ጣት ይግባ የሚል ነው። ሁለት ጣት የገባባቸው ከመቶ 7ቱ ብቻ ነበሩ። ከመቶ 44ቱ ላይ ምንም ጣት አይገባም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አውስትራሊያ ውስጥ በ12 ፈረሶች ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ጠፍሩ ሙሉ በሙሉ ሲጠብቅ የልብ ምታቸው ጨመረ፣ ማኘክና መላስ አቆሙ። ሲፈታላቸው መላሱና መዋጡ ከመጀመሪያው በላይ ሆነ፤ የተነፈጉትን እንደሚያካክሱ ያህል። ያን ሳነብ ዳማ ከግልቢያ በኋላ ልጓሙ ሲወልቅ ከንፈሯን ደጋግማ ስትልስ ትዝ አለኝ። እኔ ደስ ብሏት ነበር የመሰለኝ።

ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ቦታ የሚለካበት መሣሪያ አውጥቷል። በአፍንጫው አጥንት ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ይሄ ለእኛም ይጠቅመናል። ሁለት እስክሪብቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ በጠፍሩና በአጥንቱ መሐል ካለፈ በግምት ያ ነው። ግን ከፊት፣ አጥንቱ ላይ ለኩ። ብዙ ሰው በጎን ጉንጩ ላይ ጣቱን ሰዶ «ይገባል እኮ» ይላል፤ ጉንጭ ሥጋ ነው፣ ሁልጊዜም ያስገባል። ሌላው ነገር ቦታው ነው። ከዓይን በታች በጎን የሚወርደውን የጉንጭ አጥንት ጠርዝ ፈልጉ፤ ጠፍሩ ከሱ ሥር አንድ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይረፍ። ከዚያ በታች የአፍንጫው አጥንት እየሳሳ ነው የሚሄደው። ፈረስ ደግሞ በአፉ አይተነፍስም፤ አፍንጫው ብቻ ነው ያለው።

ታዲያ ይሄ ጠፍር ለምን ተሠራ? ከንቱ ነው አልልም። የፈረሱን ራስ ዝቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ከደረቱ ቀበቶ ተነስቶ አፍንጫው ላይ የሚታሰር ጠፍር አለ፤ ለእሱ መያዣ ያስፈልጋል። ድሬሳዥ በሚሉት፣ ፈረሱ በትእዛዝ የተለኩ እንቅስቃሴዎችን በሚያሳይበት ውድድርም ደንቡ ግድ የሚልበት ቦታ አለ። አንዳንድ ወጣት ፈረስ መንጋጋውን አጣሞ ከብረቱ ማምለጥ ይለምዳል፤ ጥርሱ ታይቶ፣ ብረቱ ተለክቶ፣ እጅም ለስልሶ አሁንም ከቀጠለ፣ ላላ ያለ ጠፍር ወሰን ሊያሳየው ይችላል። በ1931 እ.ኤ.አ. ግራንድ ናሽናል የሚባለውን የእንግሊዝ የፈረስ ዝላይ እሽቅድምድም ያሸነፈው ግራክል የሚባል ፈረስ ያደርግ የነበረው አፍንጫ ላይ የሚጠላለፍ ጠፍር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ማለቴ፣ ለፈጣን ለዝላይ ፈረስ ምክንያት ያላቸው ሰዎች አሉ። የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች ደግሞ በአብዛኛው ያለ እሱ ነው የሚጋልቡት፤ ቀኑን ሙሉ ወይፈን እያባረሩ። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ወጥቼ የምመለስ ሰው ነኝ።

የጋሼ አባት ልጓም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ብረቱ የድሮው ነው፤ የታችኛውን መንጋጋ ዙሪያውን የሚከብ ቀለበት ያለው። ዛቡ ትንሽ ሲሳብ እንኳ ከላይም ከታችም አጥብቆ ይይዛል፣ በጣም ከባድ ብረት ነው። አጠገቡ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት የባዶ እግር እርካብ አለ። የዚያ ልጓም የአፍንጫ ጠፍር ቀይ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ጌጥ ነው፤ አራት ጣት ይገባበታል። «ለማማር ነው እንጂ ምን ይሠራል» አሉኝ ጋሼ። «እንዲህ ያለው ብረት ካለ አፉን ማሰር ምን ያደርጋል? እጅ ነው ቀስ ማለት ያለበት።» ጥር 23 እንጅባራ ሄጄ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ሳይ ይሄው ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ሸልማት ፊቱ ላይ ያደረገ ፈረስ፣ ከጆሮ እስከ አፍንጫ ዘርፍና ጌጥ፣ ግን እየተርገፈገፈ ነው እንጂ አልተጠፈነገም። ጋላቢዎቹ በጉልበታቸውና በወገባቸው ነበር የሚያዞሩት። በጣም ነው ያማረኝ።

አሁን ወደ መርካቶው ልጓም። የሠራልኝን ሰው የእንግሊዙን ወስጄ አሳየሁትና «ከዚህ የአፍንጫውን ተውልኝ» አልኩት። ደነገጠ። «እህቴ፣ ጎደሎ ይመስላል፤ ደንበኛ ሲያየው ሥራዬን ያበላሻል» አለኝ። እሺ ለማለት ጊዜ ወሰደበት፤ በመጨረሻ ግን የዳማን ራስ በገመድ ለክቼ ያመጣሁለትን ተከትሎ ሠራው። 4,200 ብር፣ ቆዳው፣ ዘለበቱም ዛቡም ጭምር፤ ብረቱ የራሴ ነው። አሥር ቀን አለኝ፣ በሦስት ሳምንት ደረሰ።

ልኩ የሚደነቅ ነው። ከእንግሊዙ ይበልጣል። በራሷ ልክ ስለተቆረጠ የትም አይንሸራተትም፤ የአፍንጫ ጠፍር ማንጠልጠያው ስለሌለም ከጆሮዋ ኋላ አንድ ንብርብር ቆዳ ተቀንሷል፣ እዚያ ቦታ ላይ ነርቭና ጡንቻ ተሰብስቦ ስላለ ትንሽ መቅለሉ ጥሩ ነው። ጆሮዋን ስነካት የነበረው መሸሽ ቀርቷል። ቆዳው ግን እንደ እንግሊዙ አይደለም። ደረቅ ነው የመጣው፤ አንድ ወር ሙሉ በየሳምንቱ ቅባት እያጠጣሁ ነው ያለሰለስኩት። የመጀመሪያው ዝናብ ላይ ጥቁር ቀለሙ ወርዶ ጉንጯንም እጄንም አጠቆረ። ሁለት ዘለበት ዝጓል። ቀዳዳዎቹ በወስፌ ስለተበሱ በግራና በቀኝ እኩል አይደሉም፤ ብረቱ ተዛንፎ እንዳይቀመጥ እኔው በማስመሪያ ለክቼ አንድ ቀዳዳ ጨመርኩ። ይሄን ቀላል ነገር አትበሉት። ብረቱ በአንድ በኩል ከፍ ካለ ፈረሱ ራሱን ያጣምማል፣ እናንተ ደግሞ አመል ነው ብላችሁ ሌላ ጠፍር ትገዛላችሁ።

ሠሪው ሰውዬ ግን ተመልሼ ስሄድ ቅር አላለውም። ዘለበቶቹን ያለ ክፍያ ቀየረልኝ፣ ቀለሙንም ለሚቀጥለው ሰው በሰም እንደሚያትመው ነገረኝ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሥራ ይገባዋል። የምትሄዱ ካላችሁ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ የፈረሳችሁን ልክ፣ የማይዝግ ዘለበት ከሌላ ቦታ ገዝታችሁ፣ እና ትዕግሥት።

አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። የጋሪ ፈረሶቻችን ጉዳይ። ናይሎን ገመድ አፍንጫቸው ላይ የታሰረ፣ ገመዱ ቆዳቸውን በልቶ ቁስል የሠራ ፈረስ በየከተማው ታያላችሁ። እዚያ ክርክሩ ቀላል ነው። ፈረሱን የሚያዞረው ብረቱና ዛቡ ነው፤ አፍንጫ ላይ የጠበቀው ገመድ ቁስል እንጂ ሌላ አይጨምርም። የዓይን መከለያውን ለመያዝ የግድ ከሆነ ገመዱን ሰፋ ባለ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ማታ ማታ ፍቱት፣ ጠዋት ስታስሩ ሁለት ጣታችሁን አስገቡ። ገንዘብ አይጠይቅም። ፈረሱ የቤቱ እንጀራ እንደሆነ ባለ ጋሪው ከእኔ በላይ ያውቃል፤ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ በአክብሮት ቢያሳየው የሚያደርገው ይመስለኛል። እኔ ሁለት ሰው አሳይቼ ሁለቱም እዚያው ፈትተው ጠቅልለዋል።

ዛሬ የምጠቀመው ይሄን ነው። ለየቀኑ የመርካቶውን። ረጅም መንገድ ስሄድ የእንግሊዙን፣ ያለ አፍንጫ ጠፍር፤ ከጆሮ ኋላ ያለው ስፖንጅ ለሦስት ሰዓት ግልቢያ ይሻላታል። እንደ ዕቃ አንዱን ብቻ ግዢ ብትሉኝ በራሷ ልክ የተሠራውን እገዛለሁ፤ ከገንዘቡ የተረፈውንም ለሐኪሙ ሞረድ አስቀምጠዋለሁ። ዳማ በየስድስት ወሩ ትታያለች። ያለፈው ወር ሲያያት ሁለቱም ጉንጯ ድኖ ነጭ ጠባሳ ብቻ ቀርቶ ነበር።

የአፍንጫ ጠፍሩ ከነፍላሹ ጋጡ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ቆዳው ገና አዲስ ነው። ለውድድር የሚፈልገው ራሱ ሰፋ ያለ ፈረስ ያለው ሰው ከመጣ በደስታ እሰጠዋለሁ፤ ፍላሹን ግን ጋሼ ትናንት ወስደው የጋጡን በር አስረውበታል።